የኢያሪኮ ቅጥር በሆሊውድ

የሰው ዐይን አዲስ ነገር ይወዳል፤ አሮጌውንም ሳይመረምር ይንቃል። ቀለሙ ያሸበረቀ፣ ድምፁ ቤት የሚያናውጥ ፊልም በየቤቱና በየኪሱ በሚገኝበት በዛሬው ዘመን፣ ሰባና ሰማንያ ዓመት ያለፈው ጥቁርና ነጭ ፊልም ለብዙ ወጣት አያቶች ትተውት የሄዱት ዕቃ መስሎ ይታየዋል። ከሽማግሌዎችም ብዙዎቹ በበኩላቸው ሲኒማ የተባለውን ኹሉ ሳይለዩ ጊዜ ማጥፊያ ይሉታል፤ ሲኒማ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ መሰየሙ የታወቀ ነው። ኹለቱም ወገኖች ሳያዩ የሚፈርዱ ናቸውና፣ በአሜሪቃ አገር ሆሊውድ በተባለው የፊልም ሰፈር ከ1930 እስከ 1950 ገደማ ከተሠሩት ሥራዎች ጥቂቶቹን መርጦ መመርመር፣ መልካሙንም ከክፉው ለይቶ ለአንባቢ ማመልከት ይገባል። ከዚህ በታች የሚጠራው ዓመት ኹሉ፣ ለብቻው ካልተገለጠ በቀር፣ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

የእነዚህን ፊልሞች ምርጦች ከሌላው የሚለያቸው አንድ ጠባይ አለ፤ ይኸውም ዋናውን ነገር ጋርደው ማቅረባቸው ነው። ፍቅሩ፣ ግድያው፣ ልቅሶው በደረሰ ጊዜ በር ይዘጋል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ወይም ካሜራው ፊቱን ወደ ሌላ ይመልሳል። የቅኔ ተማሪ ወርቁን በሰም ሲሸፍን ሰሚው ፈልጎ እንዲያገኘው፣ ባገኘውም ጊዜ የራሱ ገንዘብ እንዲኾን አስቦ ነው። ዳሩ ግን የሸፈነ ኹሉ ባለቅኔ አይባልም፤ ሌባም የሰረቀውን ይቀብራል። እንግዲህ የቀድሞውን ሆሊውድ የሚመለከት ሰው በየጊዜው ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው፤ ይህ የተጋረደው ነገር እንዲገኝ የተሰወረ ነውን? ወይስ እንዳይገኝ የተቀበረ?

ጥያቄውን ለመመለስ አስቀድሞ የሥራውን ሥርዐት ማወቅ ያስፈልጋል። በ1927 «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለው ፊልም ንግግርና ዘፈን ይዞ ከወጣ በኋላ ሲኒማ ድዳነቱን እየተወ ሄደ። ከዚያም አምስት ታላላቅ ኩባንያዎች፣ እነርሱም ኤም ጂ ኤም፣ ፓራማውንት፣ ዋርነር ብራዘርስ፣ ትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስና አር ኬ ኦ፣ ጸሐፊውንም ተዋናዩንም ብርሃን አብሪውንም በውል ይዘው በደመወዝ ያሠሩ ነበር፤ ፊልሙ የሚታይባቸውንም አያሌ አዳራሾች ራሳቸው ይገዙ ነበር። እህሉን የሚዘራው፣ የሚያጭደው፣ የሚወቃውና በገበያ የሚሸጠው አንድ ባለቤት ነው እንደ ማለት ነው። በ1948 የአሜሪቃ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያዎቹን ከአዳራሾቻቸው የሚያለያይ ፍርድ በፈረደ ጊዜ ይህ ሥርዐት መናጋት ጀመረ፤ ቴሌቪዥንም በየቤቱ ገብቶ ድካሙን አፋጠነው።

በዚሁ ዘመን በፊልም ሠሪዎች ኹሉ ላይ የተጫነ አንድ የሥነ ምግባር ደንብ ነበረ። ያረቀቁት ዳንኤል ሎርድ የተባሉ የካቶሊክ ካህንና ማርቲን ኩዊግሊ የተባለ የሲኒማ ጋዜጣ አሳታሚ ናቸው። ኩባንያዎቹ በ1930 ደንቡን ተቀበሉት፤ ነገር ግን አራት ዓመት ያህል ከወረቀት አላለፈም። በ1934 የካቶሊክ ጳጳሳት ምእመናኑን ክፉ ፊልም እንዳያዩ ቃል የሚያስገባ ማኅበር ባቋቋሙ ጊዜ ኩባንያዎቹ ገበያቸው እንዳይጐድል ፈሩ፤ ጆሴፍ ብሪን የተባለውንም ሰው ደንቡን እንዲያስፈጽም ሾሙት። ከዚያ ወዲያ የፊልሙ ጽሑፍ አስቀድሞ ይመረመራል፤ ሥራው ሲያልቅም ማኅተም ይሰጠዋል፤ ያለ ማኅተም ያወጣ ኩባንያ 25,000 ዶላር መቀጫ እንዲከፍል ተወሰነ። ዝሙትን አስወድዶ ማሳየት፣ ወንጀለኛውን ያለ ቅጣት ማሰናበት፣ የግድያን ጥበብ አንድ በአንድ መዘርዘር ተከለከለ። ደንቡ በ1968 ፊልሞችን በተመልካች ዕድሜ በሚመድብ ሥርዐት ተተካ፤ ኀይሉ ግን ከዚያ አስቀድሞ ደክሞ ነበር።

ከምርጦቹ መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት»፣ ማለት «በአንድ ሌሊት ኾነ» የሚባለው ነው። ብሪን ማኅተሙን ከመያዙ ጥቂት ወራት አስቀድሞ፣ በ1934 መጀመሪያ ወጣ። አዘጋጁ ፍራንክ ካፕራ፣ ጸሐፊው ሮበርት ሪስኪን፣ ያሠራውም በዚያን ጊዜ ከታናናሾቹ ይቈጠር የነበረው የኮሎምቢያ ኩባንያ ነው። ክሎዴት ኮልቤር የምትጫወታት ኤሊ የምትባል የባለጠጋ ልጅ አባቷ ያልወደደውን ሰው በማግባቷ ተጣልታ ከመርከብ ወደ ባሕር ዘልላ ታመልጥና ወደ ኒው ዮርክ በሚሄድ አውቶቡስ ትሳፈራለች። ፒተር የሚባል ከሥራው የተባረረ ጋዜጠኛ፣ ይኸውም ክላርክ ጌብል፣ በመንገድ አግኝቶ ያውቃታል፤ ታሪኳን ለጋዜጣ ሰጥቶ ሥራውን ለማስመለስ አስቦ ይከተላታል። ዝናም መንገድ ዘግቶባቸው በአንዲት ክፍል ማደር ግድ በኾነ ጊዜ ፒተር በኹለቱ አልጋዎች መካከል ገመድ ወጥሮ ብርድ ልብስ ይሰቅላል። ስሙንም የኢያሪኮ ቅጥር ይለዋል፤ እርሱ ግን እንደ ኢያሱ መለከት የሌለው መኾኑን እየነገረ ያጽናናታል።

መጽሐፉን ያነበበ ሰው ይህ ጨዋታ ወዴት እንደሚሄድ ከዚያው ያውቃል፤ የኢያሪኮ ቅጥር በመለከት ድምፅ የወደቀ ቅጥር ነውና። ካፕራ ይህን ተስፋ አስይዞ ተመልካቹን ከአንድ ሰዓት በላይ ያቈየዋል። በመካከሉ ኹለቱ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ይራባሉም። በአውቶቡሱ ውስጥ እናቱ በራብ ራሷን ስታ የወደቀችበት ልጅ ሲያለቅስ ከእጃቸው ያለውን ገንዘብ ይሰጡታል። ዘመኑ አሜሪቃ በሥራ ማጣት የተጨነቀችበት ነበርና፣ የፊልሙ ሳቅ ከራብ ጐን ለጐን የሚሄድ ሳቅ ነው። በፍጻሜው ኹለቱ ተጋብተው ሳለ ፊታቸው እንኳ አይታይም። የማደሪያው ባለቤትና ሚስቱ ውጭ ቆመው፣ ሙሽሮቹ ገመድና ብርድ ልብስ፣ ደግሞም የልጅ መጫወቻ መለከት ለምን እንደ ፈለጉ እየተገረሙ ይጠያየቃሉ። ወዲያው መለከቱ ይነፋል፤ ብርድ ልብሱም መሬት ላይ ይወድቃል። ስለ ጋብቻ ደስታ ከዚህ የበለጠ ሳቅና ጨዋነትን አንድ ላይ የያዘ ፍጻሜ በሲኒማ ማግኘት ያስቸግራል። ስለ ፊልሙ፣ ስለ አዘጋጁ፣ ስለ ወንዱና ስለ ሴቷ ተዋናይ፣ ስለ ጽሑፉም የሚሰጡትን አምስቱን ዋና ዋና የአካዳሚ ሽልማቶች በአንድ ጊዜ የወሰደ የመጀመሪያው ፊልም ይህ ነው።

ኹለተኛው «ዘ ሾፕ አራውንድ ዘ ኮርነር» ነው፤ «ከማእዘኑ ዞር ሲሉ ያለው ሱቅ» እንደ ማለት ነው። በ1940 የወጣ ሲኾን አዘጋጁ ኤርንስት ሉቢች በበርሊን የተወለደ፣ የልብስ ሰፊ ልጅ፣ የሱቅን ኑሮ ከልጅነቱ ያወቀ ሰው ነበረ። ታሪኩ በሀንጋሪ አገር በቡዳፔስት ከተማ በአንዲት ሱቅ ውስጥ ነው። አልፍሬድና ክላራ የተባሉ ኹለት ሠራተኞች ቀን በቀን ይጣላሉ፤ ማታ ማታ ግን እያንዳንዳቸው ስሙን ላላወቁት ወዳጅ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ያ ወዳጅ አጠገባቸው የሚሠራው ባላጋራቸው መኾኑን ኹለቱም አያውቁም። ጄምስ ስቱዋርትና ማርጋሬት ሱላቫን ይህን የሚጫወቱት ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ እንደ ተርታ ሰው ነው።

የሉቢች ብልኀት የሚታወቀው ኹለቱ ወዳጆች በቡና ቤት ለመገናኘት በተቀጣጠሩበት ማታ ነው። ምልክቱ «አና ካሬኒና» የተባለው መጽሐፍና ቀይ አበባ ነው። አልፍሬድ ልቡ ፈርቶ በመስኮት እንዲያይለት ባልንጀራውን ፒሮቪችን ይልከዋል። ካሜራው ከኹለቱ ሰዎች ጋራ ውጭ ይቀራል፤ ፒሮቪችም ያየውን በጥቂት በጥቂቱ ይናገራል። መጽሐፉ አለ፤ አበባውም አለ፤ ልጅቱም ቈንጆ ናት፤ መልኳ ግን የክላራን መልክ ይመስላል ይላል፤ ክላራን የማይወድ ሰው ይህችንም ሊወድ እንደማይችል በለዘበ ቃል ያስረዳዋል። ተመልካቹ በዚያ ጊዜ የሚያየው የአንድ ሰው ፊት ሲለወጥ ነው። ሌላ አዘጋጅ ቢኾን በሩን ከፍቶ ኹለቱን ባፋጠጣቸውና ጩኸት በኾነ ነበር። በኋላም ክላራ ደብዳቤ ፍለጋ እጇን በፖስታ ሣጥን ውስጥ ስታስገባ፣ ከሣጥኑ በስተኋላ ጣቶቿ ባዶውን ሲዳስሱ ይታያል፤ ከዚያ በባዶው ሣጥን ውስጥ ያዘነ ፊቷ ይታያል። አንድ ቃል አልተነገረም፤ ብቸኝነት ግን በሙሉ ተነግሯል።

እስከዚህ የተጋረደው ነገር ፍቅር ነበረ። «ደብል ኢንደምኒቲ»፣ ማለት «እጥፍ ካሳ»፣ ደግሞ ግድያን ይጋርዳል። ጄምስ ኬን የጻፈውን ይህን ታሪክ ኩባንያዎች በ1935 ወደ ፊልም ሊመልሱት ቢሹ የብሪን ቢሮ አልፈቀደም። በ1944 ግን ከናዚዎች ሸሽቶ የመጣው ቢሊ ዋይልደር ከሬይመንድ ቻንድለር ጋራ ኾኖ ጽፎ አዘጋጀው። ነፍ የሚባል የኢንሹራንስ ሠራተኛ ፊሊስ ከምትባል ባለትዳር ሴት ጋራ ተማክሮ ባሏን የሚገድለው ለካሳው ገንዘብ ነው። ሴቲቱ መኪና ስትነዳ፣ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ፣ ነፍ ከኋላ ተደብቆ ይጠብቃል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ካሜራው በባርባራ ስታንዊክ ፊት ላይ ይቆማል። የሚሞተው ሰው አይታይም። ወደ ፊት የሚመለከቱት ዐይኖቿ ብቻ ይታያሉ፤ ከእነርሱም ቅዝቃዜ የተነሣ ግድያው ከማየት ይልቅ ባለማየት ያስፈራል።

በዚህ ፊልም ከግድያው የሚበልጥ ሌላ ስውር ነገር አለ፤ የነፍና የአለቃው የኪይስ ፍቅር ነው። ኪይስ ሲጋር ያጨሳል፤ ክብሪት ግን ከኪሱ አይገኝም። በየጊዜው ክብሪቱን ጭሮ የሚያቀጣጥልለት ነፍ ነው። ዋይልደር ነፍ በሞት ሲቀጣ የሚያሳይ መጨረሻ አስነሥቶ ነበር፤ በኋላ ግን ቈርጦ ጣለው። በእርሱ ፈንታ ነፍ ቈስሎ ከቢሮው ደጃፍ ወድቆ ሲጋራውን ማቀጣጠል ሲያቅተው፣ ኪይስ ጐንበስ ብሎ ክብሪት ይጭርለታል። ወንጀለኛው እንደማያመልጥ ታውቋል፤ ስለዚህ ደንቡ ተፈጽሟል። ኾኖም ተመልካቹ ይዞት የሚሄደው የከዳውን ልጁን የሚቀብር አባት የመሰለውን የዚያን ሰው ፊት ነው።

ታዲያ ለዚህ ኹሉ ምስጋናው ለደንቡ ነውን? አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ይላሉ፤ ከልካይ ባይኖር ይህ ብልኀት አይወለድም ነበር ብለው ይከራከራሉ። ነገር ግን ወንዝ ሞልቶ ሳለ ዋናተኛ ቢሻገር የሚመሰገነው ዋናተኛው ነው፤ ጐርፉ ብዙ ሌሎችን ወስዷልና። በዚያው ደንብ ሥር የተሠሩ ብዙ ፊልሞች ያለ ነፍስ ቀርተዋል፤ ስማቸውንም ዛሬ የሚያነሣ የለም።

ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ልዩ ጕዳይ ያለው ግን «ካዛብላንካ» ነው። ማይክል ከርቲዝ አዘጋጅቶት በ1942 መጨረሻ በኒው ዮርክ ታየ። በሞሮኮ አገር፣ ጦርነቱ ያፈናቀላቸው ሰዎች ወደ አሜሪቃ መሻገሪያ ወረቀት በሚለምኑባት ከተማ፣ ሪክ የሚባል አሜሪቃዊ የመጠጥና የቁማር ቤት አለው። ሐምፍሬይ ቦጋርት የሚጫወተው ይህ ሰው ስለ ማንም ብሎ ራሱን እንደማያደክም ደጋግሞ ይናገራል። ሬኖ የሚባለው የፖሊስ ሹም ግን አያምነውም፤ መዝገቡን አይቷልና። በ1935 ለኢትዮጵያ መሣሪያ በስውር እንዳሻገረ፣ በ1936 ደግሞ በእስጳንያ ከፋሽስቶች ተቃዋሚዎች ጋራ እንደ ተሰለፈ ያስታውሰዋል። ሪክ ለኹለቱም ጊዜ ደኅና ገንዘብ እንደ ተከፈለው ተናግሮ ነገሩን ሊያልፈው ይሻል፤ ሬኖም ያሸነፈው ወገን ይበልጥ በከፈለው እንደ ነበር ይመልስለታል። ኋላም ላዝሎ የሚባለው አርበኛ ያንኑ የኢትዮጵያን ነገር አንሥቶ ሪክን ይጠይቀዋል።

ይህን በጥንቃቄ መመልከት ይገባል። የፊልሙ ጸሐፊዎች፣ ማለት ጁልየስና ፊሊፕ ኤፕስታይን ሃዋርድ ኮክም፣ የአንድን ሰው የተሰወረ ልብ የሚገልጥ አጭር ማስረጃ አስፈለጋቸው፤ ያን ጊዜ የመረጡት ስም ኢትዮጵያ ነው። በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ድንበር ተሻግሮ በገባ ጊዜ የኾነውን የዓለም ሕዝብ በጋዜጣ አንብቦ ያውቅ ነበርና፣ ፊልሙ ማብራሪያ አልጨመረም። ስሙ በተጠራ ጊዜ ይህ ሰው ከተበደለው ጋራ የቆመ ነበር ማለት ኾነ። የሬኖ ቀልድ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ሌላ ምስጢር አለው። የፊልሙ ታሪክ የሚፈጸመው በ1941 ዲሴምበር ወር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት ግን በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በሜይ 1941 ነው። እንግዲህ ሬኖ እንደ ተሸነፈ አድርጎ የቈጠረው ወገን እርሱ በሚናገርበት ጊዜ ዙፋኑን ካስመለሰ ሰባት ወር አልፎታል። ሬኖ የሚመዝነው በአሮጌ ሚዛን ነው፤ የሪክ ልብ ግን አስቀድሞ በትክክል መዝኖ ነበር።

የዚህ ፊልም ታላቁ ትዕይንት በአንድ የራስ ንቅናቄ ላይ የቆመ ነው። የጀርመን መኰንኖች በሪክ ቤት ተሰብስበው የአገራቸውን መዝሙር ሲዘምሩ ላዝሎ የፈረንሳይን መዝሙር እንዲመቱ ሙዚቀኞቹን ያዛል። ሙዚቀኞቹ ወደ ሪክ ያያሉ፤ ሪክም ሳይናገር ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ቤቱ በሙሉ ይነሣል። እያለቀሰች የምትዘምረው ወጣት ማድሌን ለቦ ናት፤ እርሷም ባሏ ማርሴል ዳሊዮም ከተያዘችው ፈረንሳይ የሸሹ ነበሩ። የናዚውን ሹም የሚጫወተው ኮንራድ ፋይት ራሱ ጀርመናዊ ሲኾን፣ ከአይሁዳዊት ሚስቱ ጋራ ከናዚዎች የተሰደደ ነበረ። ያ ልቅሶ የተዋናይ ልቅሶ ብቻ አለመኾኑን ፊልሙ አይናገርም፤ ያወቀ ተመልካች ግን ያንን እንባ በሌላ ዐይን ያየዋል።

ኢንግሪድ በርግማን የምትጫወታት ኢልዛ የላዝሎ ሚስት ናት፤ ባሏ የሞተ መስሏት ሳለ በፓሪስ ሪክን ወድዳ ነበር። ባለትዳር ሴት ከወዳጇ ጋራ እንድትሄድ ደንቡ እንደማይፈቅድ ግልጥ ነው። ጸሐፊዎቹ ይህን ክልከላ ወደ ሰውየው ልብ አገቡት፤ ሪክ በገዛ ፈቃዱ ሴቲቱን ከባሏ ጋራ ይሰዳታል። በአውሮፕላኑ ሜዳ በጉም ውስጥ ቆሞ ሲሸኛት አያለቅስም፤ የሐዘኑን ልክ የሚያውቀው ቀደም ብሎ በባዶ መጠጥ ቤት በጨለማ ተቀምጦ ሲጠጣ ያየው ተመልካች ነው።

እስከዚህ የተነገረው ምስጋና ነው። ምስጋና ያለ ምርመራ ውዳሴ ከንቱ ነውና ሌላውንም ወገን መመልከት ይገባል። «ካዛብላንካ» በሞሮኮ የሚፈጸም ታሪክ ሳለ የአገሩ ሰዎች ከደጅ ጠባቂና ከገበያ ሻጭ የሚያልፍ ቦታ የላቸውም። ኢትዮጵያም ስሟ ተጠርቷል እንጂ ፊቷ አልታየም። ዱሊ ዊልሰን የሚጫወተው ሳም የተባለው ጥቁር ሙዚቀኛ የሪክ ታማኝ ወዳጅ ነው፤ ሌላ ነጋዴ ሳምን ሊወስድ ሲዋዋል ሪክ ሰው እንደማይገዛና እንደማይሸጥ ይመልስለታል። መልሱ የሚያስከብር ነው። ነገር ግን ኢልዛ ይህን የጐለመሰ ሰው ስትጠራው እንደ ብላቴና «ልጁ» ትለዋለች፤ በዚያ ቤት ያለ ማንም ነውር አላለውም።

ደንቡ ራሱ ከከለከላቸው ነገሮች አንዱ የነጭና የጥቁር ሰው ፍቅር ነበረ፤ ከዝሙትና ከርኵሰት ጋራ አንድ ላይ ቈጥሮ ጻፈው። በሎስ አንጀለስ የተወለደችው ቻይናዊት አሜሪቃዊት አና ሜይ ዎንግ ስለ ቻይና ገበሬዎች የሚናገረው «ዘ ጉድ ኧርዝ» በ1937 ሲወጣ የሚስቲቱን ቦታ አላገኘችም። ባልየውን የተጫወተው ነጩ ፖል ሙኒ ነበርና፣ ሚስቱንም ሉዊዝ ራይነር ቻይናዊት መስላ ተጫወተችው፤ ሽልማትም ተቀበለችበት። ሥነ ምግባርን እጠብቃለሁ ያለ ደንብ እንዲህ ያለውን በደል ሲያጸና፣ ካህን ያረቀቀው መኾኑ በደሉን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም።

በ1939 የወጣው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»፣ ማለት «ከነፋስ ጋራ ሄደ»፣ በቀለሙ ውበትና በሥራው ስፋት ዛሬም ያስደንቃል። የአሜሪቃን የርስ በርስ ጦርነት ከባሪያ አሳዳሪዎቹ ወገን ኾኖ ይተርካል፤ ባሮቹንም በባርነታቸው የረኩ አስመስሎ ያሳያል። አባቷ ከባርነት የወጣ ሰው የነበረው ሃቲ ማክዳንኤል ሞግዚቲቱን በመጫወቷ የአካዳሚ ሽልማት ለመቀበል ከጥቁር ሕዝብ የመጀመሪያዪቱ ኾነች። ኾኖም ፊልሙ በአትላንታ ሲመረቅ በዘር መለያየት ሕግ ምክንያት አልተገኘችም፤ በ1940 በሎስ አንጀለስ ሽልማቷን በተቀበለች ማታም ከባልደረቦቿ ተለይታ በአዳራሹ ዳር በሌላ ገበታ ተቀመጠች። በካፕራ ፊልም ብርድ ልብሱ በመጨረሻ ይወድቃል፤ ይህኛው መጋረጃ ግን እንደ ተሰቀለ ቀረ። ከሜሚ ሳቅ በስተኋላ የነበረውን እውነት ፊልሙ እንዲገኝ ብሎ አልሰወረውም፤ ቀበረው።

ኹለቱን ዐይነት መጋረድ ለመለየት ማመሳከሪያ የሚኾን አንድ ሥራ አለ። ዊልያም ዋይለር በ1946 ያዘጋጀው «ዘ ቤስት ይርስ ኦቭ አወር ላይቭስ»፣ «የዕድሜያችን መልካም ዓመታት»፣ ከጦር ሜዳ ወደ ቤታቸው ስለ ተመለሱ ሦስት ሰዎች ይናገራል። ከሦስቱ ሆመር የሚባለውን መርከበኛ የተጫወተው ሃሮልድ ራስል ተዋናይ አልነበረም፤ በ1944 በጦር ልምምድ ላይ ፈንጂ ኹለት እጆቹን የቈረጠው ወታደር ነው። አንድ ማታ እጮኛውን ወደ ክፍሉ ጠርቶ በእጆቹ ፈንታ ያሉትን የብረት መያዣዎች አውልቆ ያሳያታል። ከዚህ በኋላ በሩ ቢዘጋበት ሊከፍተው እንደማይችል፣ እንደ ሕፃን ረዳት የሌለው እንደ ኾነ ይነግራታል። በዚህ ስፍራ ዋይለር ምንም አልጋረደም፤ መታየት የሚገባው ነበርና።

በዚያው ፊልም መሰወር የሚገባውን ደግሞ ይሰውራል። በመጠጥ ቤቱ ውስጥ ሆመር በብረት እጆቹ ፒያኖ ሲመታ ከፊት ለፊት ይታያል፤ ሰውም ኹሉ እርሱን ያያል። ከሩቅ በስተኋላ፣ በስልክ መነጋገሪያው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ፍሬድ የሚባለው ባልንጀራው ከሚወዳት ልጅ ጋራ ሲለያይ በትንሹ ይታያል፤ ድምፁ ግን አይሰማም። የልጅቱ አባት ከፒያኖው አጠገብ ቆሞ አንድ ጊዜ ወደዚያ ዘወር ይላል። የቀረበውንም የራቀውንም እኩል አጥርቶ የሚያሳየው የግሬግ ቶላንድ የካሜራ ጥበብ ተመልካቹን ራሱ እንዲመርጥ ይተወዋል። እዚህ ላይ ማሳየትም መሰወርም ከአንድ ልብ፣ ማለት ሰውን ከማክበር የመጡ ናቸው። ራስል ስለዚህ አንድ ሥራ ኹለት የአካዳሚ ሽልማት ተቀበለ፤ እንዲህ ያለ ነገር ለሌላ ተዋናይ አልኾነም።

የአሜሪቃ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ የሚገባቸውን ፊልሞች በ1989 መመዝገብ ሲጀምር፣ ከመጀመሪያዎቹ 25 ውስጥ «ካዛብላንካ»፣ «ከነፋስ ጋራ ሄደ»ና «የዕድሜያችን መልካም ዓመታት» ነበሩ። ሦስቱም በአንድ መዝገብ መጻፋቸው ሊያስገርም አይገባም፤ የበደል ምስክር የኾነ ሥራም ሊጠበቅ የሚገባው ነውና።

እንግዲህ እነዚህን ሥራዎች ለማየት የሚፈቅድ አንባቢ ከካፕራ ፊልም ይጀምር፤ እርሱ የሚያስቅና የማያደክም ነው። ቀጥሎ የሉቢችን፣ ከዚያም «ካዛብላንካ»ን፣ ከእርሱም በኋላ የዋይልደርን ይመልከት። የዋይለር ሥራ ሦስት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ስለ ኾነ ዕረፍት ባለበት ቀን፣ ይልቁንም ከቤተ ሰብ ጋራ ቢታይ ይሻላል። «ከነፋስ ጋራ ሄደ»ን የሚያይ ደግሞ የሃቲ ማክዳንኤልን ገበታ እያሰበ ይይ። ቋንቋው ቢያስቸግር ትርጕሙ ከሥር የተጻፈበትን መምረጥ ነው፤ የተዋንያኑ ድምፅ በሌላ ድምፅ ከተለወጠ ግማሹ ምስጢር ይጠፋል። መጀመሪያ ላይ ጥቁርና ነጩ እንግዳ ቢኾን ጥቂት ጊዜ መታገሥ ነው፤ ዐይን ከሩብ ሰዓት በኋላ ይለምደዋል።

በር በተዘጋ ጊዜ ከበሩ ጀርባ ምን እንዳለ፣ አንድ ሰው በዝምታ ባለፈ ጊዜም ማን እንዲናገር እንዳልተፈቀደለት መጠየቅ የተመልካቹ ድርሻ ነው። እንዲህ እየጠየቀ ያየ ሰው ከእነዚህ አምስት ፊልሞች አንዱን እንኳ አይቶ ጊዜዬ ጠፋ ሊል አይችልም።